ሰባት ቤት ቆጣሪዋ

ሰሌዳው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይበራል። የወይራ አፋፍ ቀበሌ ሰው ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን አይደለም፤ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ነው። ቁጥሩ አረንጓዴ ከሆነ ላሙን ሊያልብ ይሄዳል። ቢጫ ከሆነም ያልባል፤ ወተቱን ግን ለቅቤ አያስቀምጥም፣ ያኔውኑ ይጠጣዋል። ነገ ማን እንደሚንጠው አይታወቅማ። ቀይ ሆኖ አያውቅም። ቀይ ምን እንደሚያመጣ ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ከወንዙ ማዶ ያለው ግራር ውኃ የሚባል ቀበሌ የዛሬ ሦስት ዓመት ቀይ በራበት። ዐሥራ አራት አውቶቡስ መጣና በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ሰዉን ወደ ዐሥራ አራት ከተማ ይዞት ሄደ። ወንድምና ወንድም አንድ አውቶቡስ ላይ እንዲወጡ ሕጉ አይፈቅድም። የቀሩት ውሾቹ ናቸው። ወንዙን ተሻግረው መጥተው አሁን ወይራ አፋፍ ይኖራሉ፤ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ አልጋ ሥር ይገባሉ።

ቁጥሩ የዝምድና ልክ ይባላል። የአንድ ቀበሌ ሰው እርስ በርሱ ምን ያህል እንደተዋለደ ይናገራል ነው የሚሉት። ዘመድ ከዘመድ ሲበዛ ልጅ ይደክማል ብሎ የትውልድ ሚዛን ቢሮ ወስኗል፤ ልኩን ያለፈ ቀበሌ ይበተናል። ቀድሞ ደም ወስደው ነበር የሚያውቁት። የአገሩ የደም መዝገብ በሙሉ ከተሰረቀ ወዲህ ከሰው ደም መውሰድ በሕግ ተከለከለ። ስለዚህ ዘመድ የሚታወቀው እንደ ጥንቱ በአፍ ነው፤ ሰባት ቤት በመቁጠር።

የወይራ አፋፍ ቆጣሪ ይታይሽ አዳሙ ናት። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ የሰፈሯ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት እሷ ሁለት ወልዳለች። ከቀበሌው ሰው የማንንም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለች እስከ ሰባት ቤት ታወርደዋለች፤ የራሷን እስከ ዐሥራ አራት። ሊጋቡ የሚፈልጉ ወጣቶች የቢሮው መስኮት ጋ ሲቆሙ ከጎን በርጩማ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ልጁ ይቆጥራል፣ ልጅቱ ትቆጥራለች፣ ይታይሽ ታዳምጣለች።

«አንተ የጫኔ ልጅ፣ አራተኛው ላይ ዘለልክ» ትላለች።

«አልዘለልኩም እማማ።»

«ዘለልክ። ተሰማን የት ጣልከው? ከእሷ ቅድመ አያት ጋር የአንድ እናት ልጆች ስለሆኑ ነው? በል ሂድ፣ ሌላ ፈልግ። እሷም ብትሆን ቸኩላ እንጂ አንተን ወዳ እንዳይመስልህ።»

መስኮቱ ይዘጋል። ይታይሽ ለዚህ አታዝንም። «እኔ ያልቆጠርኩት ፊደል ነው እንጂ ሰው አይደለም» ትላለች፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም።

የሴት ልጇ ልጅ ኤልዳና ግን ፊደሉንም ቆጥራለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከተማ ውስጥ የሕዝብ ሥነ ሕይወት ንድፈ ሐሳብ የሚባል ትመራመራለች። ምን ማለት ነው ተብላ ስትጠየቅ ይታይሽ፣ «ሰው መቁጠር ነው፤ ከእኔ ነው የወሰደችው። ልዩነቱ እሷ ሰዎቹን ሳታያቸው መቁጠሯ ነው» ብላ ትመልሳለች። ከሁለት ዓመት በፊት ኤልዳና ክረምቱን መጥታ አያቷ ሥር ተቀምጣ የወይራ አፋፍን ሰው አንድ በአንድ አስቆጥራት ነበር። ዐሥራ ስምንት ቀን ፈጀ። ይታይሽ በዕድሜዋ እንደዚያ ያዳመጣት ሰው ስላልነበረ ለመጨረስ አልቸኮለችም።

በኅዳር ወር ኤልዳና የጀማሪ ተመራማሪዎችን ሽልማት አሸነፈች ተባለ። ቢሮው በየዓመቱ ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች ለሆኑ ተመራማሪዎች የሚሰጠው ሽልማት ነው። ሜዳሊያ አለው። ወጣቶቹ የሚሻሙት ግን ለሜዳሊያው አይደለም። ሜዳሊያው አንገት ላይ በገባባት ደቂቃ አሸናፊው ያወጣው የዝምድና ልክ ማስያ ቀመር በአገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል። ፀጉራቸው ሳይሸብት አገር በእነሱ ሐሳብ ሲተዳደር ያያሉ።

ለይታይሽም ግብዣ መጣላት። ወረቀቱ «ምንጭ» ይላታል፤ ለጥናት ቆጠራ የሰጠ ሰው ስሙ እንደዚያ ነው። ጎረቤት ነጠላ አጠበላት፤ ወይንሸት፣ የኤልዳና እናት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘቻት።

«እዚያ ሰው እንዳትሳደቢ እማዬ።»

«የሚሰደብ ካልገጠመኝ ለምን እሳደባለሁ።»

በበዓሉ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ኤልዳና እንግዳ ማረፊያው ድረስ መጣች። በሩን ዘጋች። ወደ መታጠቢያው ሄዳ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተች። ውኃው እየተንዷለለ ነው የተናገረችው።

«እምዬ፣ ቀበሌ ሀ እኛ ነን።»

«ምንድን ነው ደግሞ ቀበሌ ሀ?»

«ጥናቴ ላይ ለምሳሌ ያስገባሁት ነው። ስሙን አልጻፍኩም። ማን ያውቀዋል ብዬ። የቢሮው ሰዎች ግን አወቁት።» ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። «በድሮው ቀመር ቢጫ ነን። በእኔ ቀመር ቀይ ነን። ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳሊያው ሲጠለቅልኝ ሰሌዳው ይለወጣል። አውቶቡሶቹ ጠዋት ተነሥተዋል፤ ቆሜ ቆጠርኳቸው።»

ይታይሽ ስንት ናቸው ብላ አልጠየቀችም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አልፈልግም በያቸው።»

«ብፈልግም ባልፈልግም ቀመሩ የእነሱ ነው። ሌላ ሰው አንገት ላይ ያንጠለጥሉታል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ? ልታለቅሺብኝ?»

ኤልዳና ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አንድ ነገር አለ። ከማጥለቃቸው በፊት ምንጩን መድረክ ላይ ይጠይቁታል። ቆጠራሽ እውነት ነው ይላሉ። ሁሉም አዎ ይላል። አይደለም ያለ ሰው እስካሁን የለም። ካልሽ የተሳሳተውን ስም ይጠይቁሻል፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ከሌለሽ አይቀበሉሽም።» ወደ አያቷ ጠጋ አለች። «እምዬ፣ ቆጠራው ትክክል ነው አይደል?»

ቆጠራው ትክክል አልነበረም።

ይታይሽ የሃያ ዓመት ልጅ እያለች ነው። ሰው ከሦስት አቅጣጫ እየሸሸ በወይራ አፋፍ ያለፈበት ክረምት ነበር። ያለፈው አለፈ፤ ወላጆቻቸው መንገድ የቀሩባቸው ዐርባ ሦስት ሕፃናት ቀሩ። የቀበሌው ሰው ተከፋፈላቸው፤ የማር ልጅ አደረጋቸው። አሳዳጊው አባት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ሕፃኑን ያጠባዋል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ልጅ የዚያ ቤት ልጅ ነው። ርስት ይወርሳል። የሚቆጥረው ያጠባውን ሰው ሰባት ቤት ነው፤ ከዚያም ቤት አያገባም። ማርነቱን የተናገረ ሰው ከሰው እንዳይቆጠር ሁሉም ማለ። ይታይሽም እጇን ዘርግታ ምላለች። ከማሉት ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ለኤልዳና በቆጠረችባቸው ዐሥራ ስምንት ቀናት ዐርባ ሦስቱን የተወለዱ ብላ ቆጠረቻቸው። ዋሸሁ ብላ አላሰበችም፤ በእሷ ሕግ ተወልደዋል። ቀመሩ ግን ማር አያውቅም። ከሩቅ አገር የመጣ ዐርባ ሦስት ዓይነት ደም ለእሱ ዐርባ ሦስት ወንድማማች ሆኖ ታየው። ወይራ አፋፍ ቀይ የሆነው በዚህ ነው።

ብትናገርስ? ምንጩ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ያልታወቀ ሰው መጠበቂያ የሚሉት ቤት ይገባል። ምንጭ አልባ ይሉታል። የወለዳቸውን አይነኩም፤ ምንጫቸው እሱ ነውና ይታወቃሉ። እሱን ግን ይወስዱታል፤ ወደ ወይራ አፋፍ የተመለሰ አልታየም። ከዐርባ ሦስቱ ሠላሳ አንዱ በሕይወት አሉ። አያት ሆነዋል። የማር ልጅ መሆናቸውን ራሳቸው አያውቁም።

«እምዬ፣ አናግሪኝ እንጂ።»

«ተነሺ ፊትሽን ታጠቢ» አለች ይታይሽ። «ውኃውን በከንቱ አፈሰስሽው።»

አዳራሹ አራት መቶ ሰው ይይዛል፤ ሞልቷል። ኤልዳና መድረኩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ግድግዳ የሚያክል መስተዋት አለ፤ የቀበሌ ሀ ሰዎች ሁሉ እንደ ምስር ፍሬ በላዩ ተበትነዋል፤ ፍሬዎቹ በቀጭን ክር የተያያዙ ናቸው። ክሩ ከመብዛቱ የተነሳ መሐሉ ጠቁሯል። በመስተዋቱ ጥግ ትንሽ ሥዕል ይታያል፤ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ነው፣ በዚያች ደቂቃ እንዳለ። ሁለት ሴቶች ጆንያ ተደግፈው ያወራሉ። አንዷ ወይንሸት ናት። ከኋላቸው፣ ወንዙ ጋ፣ አውቶቡሶቹ ሞተር አጥፍተው ተሰልፈዋል። ሴቶቹ ገና አላዩዋቸውም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው አይቷቸዋል፤ አንዳንዱ የመክሰስ ሳህን ይዟል።

ይታይሽን ወደ ድምፅ ማጉያው አመጧት። ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

የመድረኩ መሪ አቶ ናሆም የሚባል ለስላሳ ሰው ነው። ድምፁ ሰው የሚያስተኛ ነው። «እናታችን ወይዘሮ ይታይሽ አዳሙ» አለ፣ «ቆጠራዎ እውነት ነው?»

ሠላሳ አንዱ ስም ተራ ይዞ ምላሷ ላይ መጣ። ማሳዋን ያረሰላት ሰው ስም አለበት። ወይንሸትን ያዋለደችው ሴት ስም አለበት። አንዱን ብትጠራ ሌላው ተከትሎት የሚወጣ መሰላት፤ አፏን ለመክፈት ፈራች። ሥዕሉ ላይ ወይንሸት ጆንያዋን ወደ ወፍጮው ገፋች።

«አይደለም» አለች።

የአቶ ናሆም ፈገግታ አልጠፋም። «ይቅርታ እናቴ፣ አልሰማሁም።»

«ሰምተሃል። ጆሮህ ደህና እንደሆነ ፊትህ ይናገራል። ቆጠራው ስሕተት አለበት።»

«የትኛው ስም ላይ?»

«የኔ ላይ» አለች ይታይሽ። «ጻፍ። ይታይሽ የአዳሙ ልጅ አይደለችም። የማር ልጅ ናት። አዳሙ መንገድ ዳር አገኛት፣ ጣቱን አጠባት፣ አሳደጋት። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም።»

ይህ ውሸት ነው። ይታይሽ የአዳሙ ልጅ ናት፤ አዳሙ የፈንቴ፣ ፈንቴ የወርቅነህ፣ እያለ እስከ ዐሥራ አራት ይወጣል። በእነዚህ ዐሥራ አራት ሰዎች ስንቱን ሰው አሸማቅቃለች። የቀበሌ ሹም አስነሥታ ወንበር ላይ የተቀመጠችው በእነሱ ነው። የሚያስተባብላት ሰው ግን አንድም አልቀረም፤ ከእሷ የሚበልጡት ሁሉ ሞተዋል።

አቶ ናሆም ጎንበስ አለ። «እርስዎ የቀበሌው ቆጣሪ አይደሉ እንዴ? ሰባ አምስት ዓመት ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ ብትሆን ትናገር ነበር? የሰውን ዘር ስታበጥር ውለህ፣ የእኔ ግን አይታወቅም ብለህ?»

ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ሣቀ፤ ወዲያው ዝም አለ።

«ኤልዳና» አለ አቶ ናሆም፣ «አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?»

ኤልዳና ዐሥራ አራቱን ስም በገዛ እጇ ጽፋቸዋለች። አዳሙ የሚስቱን ምጥ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እንዳደረ፣ ልጅቱ ስትወለድ ምን እንዳለ ሳይቀር አያቷ ነግራታለች። ይታይሽ አላየቻትም። ብታያት ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ይነበባል ብላ ፈራች።

«አላውቅም ነበር» አለች ኤልዳና። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር።

መስተዋቱ ላይ ከይታይሽ ወደ አዳሙ የሚሄደው ክር ተቆረጠ። ይታይሽ ስምንት ወልዳለች፤ ከስምንቱ የተወለዱት የቀበሌው ሩብ ናቸው። ክሮቹ አንድ በአንድ እየረገቡ ወደቁ፤ የጠቆረው መሐል ሣሣ። የማይታወቅ ደም ገብቷልና። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ቢጫ ላይ ቆመ። በጥጉ ሥዕል ውስጥ የፊተኛው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሣ። ወይንሸት ዞር ብላ አየች። እጇ ላይ የነበረው ዱቄት መሬት ላይ ፈሰሰ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ዞረና መንገዱን ያዘ፤ የቀሩትም ተከተሉት። ሴቶቹ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ውሻ ግን በሥዕሉ ውስጥ አንድም አልነበረም።

ይታይሽ ተፈጸመ ብላ ነበር። አልተፈጸመም።

«ክቡራትና ክቡራን» አለ አቶ ናሆም ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «እንደምታዩት ቀመሩ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ምንጩ ነው። እንዲያውም ቀመሩ አንዲት ሴት ሰባ አምስት ዓመት የደበቀችውን አወጣ።» ሰዉ አጨበጨበ። መስተዋቱ ላይ የነበሩት ፍሬዎች ጠፉና ሌሎች መጡ። ቀበሌ ለ ይላል። ኤልዳና ለማነጻጸሪያ ያስገባችው ሌላው ምሳሌ ነው። መሐሉ ከወይራ አፋፍም የጠቆረ ነው። በጥጉ አንድ ገበያ ታየ፣ ሽንኩርት የሚመርጡ ሰዎች፣ በገበያው ማዶ የተሰለፉ አውቶቡሶች።

ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ የዚያ ቀበሌ ምንጭ፣ ብድግ አሉ። ወደ መድረኩ ተጠሩ። ሲያልፉ ይታይሽን በትከሻቸው ነኳት፤ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታሉ። ምን እንደተባሉ፣ ምን እንደመለሱ በደንብ ሰምታለች። ቆጠራዎ እውነት ነው ተባሉ። አዎ አሉ። ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ለእሳቸው የምታቀብለው ስም አልነበራትም።

ሜዳሊያው ኤልዳና አንገት ላይ ገባ። አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ ቀና ስትል አያቷን በጎን በር ሲያስወጧት አየች። አልተጣራችም። ሁለቱም መጣራት እንደማይገባት ያውቁ ነበር።

መጠበቂያው ንጹሕ ቤት ነው። ምግቡ ትኩስ፣ አልጋው ለስላሳ ነው፤ የሚመታም የሚቆጣም የለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግድግዳው ይናገራል። የሴት ድምፅ ነው፣ የይታይሽን አገር አነጋገር ለምዶታል። «ደህና አደሩ እማማ። የማን ልጅ ነዎት?» ይላል። አላውቅም ትላለች። ያመሰግናታል። ቁርስ ይመጣል። ምንጩን ያስታወሰ ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ያስታወሰውም ስም ወደ ቆጠራው ይመለሳል። ይታይሽ አዳሙን የጠራች ዕለት ክሩ ተመልሶ ይቀጠላል፣ ወይራ አፋፍ ቀይ ይሆናል።

ከጎኗ ክፍል ዘለቀ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አምስት ዓመት አላውቅም ብለዋል። አንድ ቀን ከእንቅልፋቸው በቅጡ ሳይነቁ ግድግዳው ሲጠይቃቸው፣ «የበላይነህ» አሉ። ከምሳ በፊት ሠራተኞቹ አዲስ ጫማ አምጥተው እንኳን ደስ አለዎት አሏቸው። ዘለቀ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን አልሰጥም አሉ። ሁለት ሰዎች እንደ ሕፃን እያባበሉ አጠለቁላቸው። የማን ቀበሌ እንደተበተነ ይታይሽ አልጠየቀችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምትፈራው የገዛ አፏን ነው። ትናንት የበላችውን እየረሳች መጥታለች፤ የሠራተኞቹ ስም ይጠፋባታል። የጥንቶቹ ስሞች ግን እየጎሉ፣ እየቀረቡ መጡ። ሳታስበው ከንፈሯ ላይ ታገኛቸዋለች። ስለዚህ ስሞቹን ከአእምሮዋ ማውረድ ጀመረች። ዕድሜ ልኳን ስትቆጥር የኖረችውን ከላይ፣ ከዐሥራ አራተኛው ጀምራ ታፈርሰዋለች። ስሙ ሲመጣ የመስኮቱን ብረት ትቆጥራለች፣ ማንኪያ ታጋጫለች፣ ጸሎቷ ውስጥ እሱ የነበረበትን ቦታ ዘልላ ታልፋለች። ዐሥራ አራተኛው በሁለት ሳምንት ለቀቃት። አንዳንዱ ቶሎ ሄደ። ሰባተኛው አስቸገራት፣ ሄደ። አያቷ በጥር ሄደ፤ አንድ ጠዋት ፈለገችው፣ ባዶ ነበር፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

አንድ ቀረ። እሱ አይወጣም። ሌላ ስም ልትጭንበት ሞከረች፤ ከሥር ይገፋዋል። አባቷ ትከሻው ላይ አድርጎ ወንዝ ያሻግራት ነበር፤ ውኃው ሲበረታ ጮክ ብሎ ስሙን እንድትጠራ ያደርጋት ነበር፣ እንዳትፈራ ብሎ። አሁን በፈራች ቁጥር ስሙ ይመጣል። በየጠዋቱ ደግሞ ትፈራለች።

ስለዚህ ግድግዳው ከመናገሩ በፊት ተነሥታ ዳቦ አፏ ውስጥ ትጨምራለች። ዛሬ እንቅልፍ ጣላት።

«ደህና አደሩ እማማ። የማን ልጅ ነዎት?»

ዓይኗን ስትገልጥ አፏ ተከፍቶ ነበር። የእጇን መዳፍ አስገብታ ነከሰች። ሥጋው እስኪበሳ ነከሰች፣ ደሙ ወደ ክንዷ ወረደ። ግድግዳው በትዕግሥት ጠበቃት። እጇን ስታወጣ ለመናገር ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

«አላውቅም» አለች።

«እናመሰግናለን እማማ» አለ ግድግዳው። «ዛሬ ከትናንት ዘግይተው ነው የመለሱት። ለማስታወስ እየተቃረቡ ነው፤ አይዞዎት።»